ለማክሰኚት ገበሬዎች ስልጠና ልናዘጋጅ ነው፤ ምን ላይ ቢሆን ይሻላል?

የማክሰኚት ልጅ · ማክሰኞ ማታ

ሰላም ቤቶች። ጎንደር ከተማ የምንኖር፣ ማክሰኚት ዙሪያ የተወለድን ልጆች ዕቁብ አለን። ዘንድሮ ከዕቁቡ ውጪ 80 ሺህ ብር አዋጣን። አገር ቤት ላለው ገበሬ የሚጠቅም ነገር እንሥራ ተባለና ስልጠና ላይ ተስማማን።

ያሰብነው እንዲህ ነው። ማክሰኚት ላይ አዳራሽ ለሦስት ቀን እንከራያለን። ከጎንደር ሁለት ባለሙያ እንወስዳለን። 60 ሰው እንጠራለን። ምሳ አለ፣ የትራንስፖርት አበልም አለ። ርዕሶቹ ጤፍ በመስመር መዝራት፣ የማዳበሪያ አጠቃቀም፣ የወተት ላም፣ ማድለብ፣ ዶሮ፣ ንብ እና አፈር ጥበቃ ናቸው። ጊዜው የካቲት ነው። ገበሬው አውድማውን ጨርሶ ፋታ ያገኛል ብለን ነው።

የጎደለ ርዕስ ካለ ጨምሩልን። በዚህ ሥራ ያለፈ ሰው ካለም ይምከረን።

ዝም አልልም · ማክሰኞ ማታ

ባነሩን ረሳችሁት። ኮፍያውንም። ያለ ኮፍያ ስልጠና ተሰጠ አይባልም።

ከምር ግን ሰባት ርዕስ በሦስት ቀን? ዩኒቨርሲቲው እንኳ እንዲህ አይሮጥም።

የድሮ ልማት ሠራተኛ · ማክሰኞ ማታ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ እግዜር ይስጥልን። አገሩን የሚያስብ ልጅ አይጥፋ። የምጽፈው ግን ብሩን ለአዳራሽ እንዳታወጡት ነው።

በልማት ሠራተኝነት ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ የት ወረዳ እንደሆነ ይቅር። ነገሩ በወረቀት ላይ ያማረ ነው። በየቀበሌው አንድ የአርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከል አለ። ሦስት ባለሙያ ይመደባል፤ አንዱ ለሰብል፣ አንዱ ለእንስሳት፣ አንዱ ለተፈጥሮ ሀብት። ማዕከሉ የራሱ ማሳያ መሬት አለው። ገበሬው መጥቶ አይቶ፣ ነክቶ እንዲሄድ ነው የታሰበው።

በተግባር ባለሙያው ምን ሲያደርግ ይውላል? የማዳበሪያ ፈላጊ ይመዘግባል። ብድር ያስመልሳል። ለተፋሰስ ሥራ ሰው ያስወጣል። ሪፖርት ይሞላል። ማሳያ መሬቱን አረም ይወርሰዋል። ስልጠና የሚባለው በጀት ሲለቀቅ የሚመጣ ነው። በጀት ደግሞ የሚለቀቀው እርሻ ሲደርስ አይደለም፣ ወረቀት ሲፈረም ነው። ስለ ሽምብራ ዘር ጥር ላይ የተሰጠ ስልጠና አውቃለሁ። ግማሽ ቀን ስላይድ ታየ። ከኋላ የተቀመጡ ሽማግሌ “ልጄ፣ መስኮቱን ክፈተው፣ ሰው ተኝቷል” አሉ።

የእናንተ ዕቅድም ወደዚያው እየሄደ ነው። ጤፍን የካቲት ላይ አስተምራችሁ ሐምሌ ላይ ማን ያስታውሰዋል? ሽምብራ የሚዘራው ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም ነው። የካቲት ላይ ገበሬው እጁ ላይ ያለው ጭድ፣ አገዳ እና የከሳ ከብት ነው። እንግዲያው የየካቲቱ ትምህርት ስለ ጭድ ይሁን። የቀረው በየወቅቱ ይምጣ። ሥራው በሚሠራበት ሳምንት፣ ሥራውን ለሚሠራው ሰው፣ ዕቃው እዚያው እያለ። ከዚህ ውጪ የሚሰጥ ስልጠና ምሳ ግብዣ ነው።

ደምቢያ ነኝ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት

ጤፍ በመስመር የሚለውን አውጡልኝ እባካችሁ። እኔ ራሴ ገበሬ ነኝ፣ ከቆላድባ ብዙ አልርቅም።

በመስመር ሲባል በመስመርና በመስመር መካከል 20 ሴንቲ ሜትር ነው። አንድ ሄክታር በረጅሙ 100 ሜትር፣ በአግድሙ 100 ሜትር እንበል። አምስት መቶ መስመር ይወጣል። እያንዳንዱ 100 ሜትር። ደምሩት። 50 ኪሎ ሜትር ጎንበስ ብሎ መሄድ ማለት ነው፣ ጭቃ ውስጥ፣ ዘር በጣት እየቆነጠሩ። ከማክሰኚት ጎንደር በእግር መምጣት ይቀላል። በዚያ ላይ የጤፍ ፍሬ መጠኑን ታውቁታላችሁ፤ አንድ ግራም ውስጥ ሦስት ሺህ ገደማ ፍሬ አለ። ንፋስ ሲነፍስ የዘራኸው የት እንዳረፈ አታውቀውም።

ያኔ በዘመቻ ሲገፋ ዘራን። ባለሙያው ፎቶ አንስቶ ሄደ። በማግስቱ ዓመት ሁሉም ወደ ብተናው ተመለሰ። ሰነፍ ስለሆንን አይደለም። ሐምሌ ላይ የሰው ጉልበት የለማ! አረም አለ፣ ዳጉሳ አለ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ነው የሚደርሰው።

ቁንጮ የሚባለው የጤፍ ዘር ሲመጣ ግን ማን አዳራሽ ጠራን? ጎረቤት ማሳ ላይ አየነው። ነጭ ነው፣ ምርቱም ጥሩ ነው። ዘር ተበዳድረን ዘራን። አለቀ።

ወገራ ገብስ · ረቡዕ ጠዋት

አያ ደምቢያ፣ የጉልበቱ ነገር እውነት ነው። መስመር የሚባለውን ሁሉ ግን አብረው አይጣሉት። እኛ ጋ ስንዴ በመስመር የሚዘራ አለ። አረሙ ይቀላል፣ ማዳበሪያውም ከሥሩ ይደርሳል።

ጤፍም ቢሆን አንድ ትምህርት አለው። በብተና ሲዘራ በሄክታር ከ25 እስከ 30 ኪሎ ይባላል፤ ገበሬው ግን ስጋት ስላለበት ከዚያ በላይ ይረጫል። በመስመር ከ5 እስከ 10 ኪሎ ይበቃል። ዘር ሲበዛ ተክሉ ይተፋፈጋል፣ አገዳው ይቀጥናል፣ መጨረሻ ላይ ይጋሸባል። አዲስ ዘር በትንሹ አግኝቶ ማባዛት ለፈለገ ሰው መስመር ዋጋ አለው። አንድ ጥማድ ሙሉ ሳይሆን አንድ ጥግ ላይ።

የድሮ ልማት ሠራተኛ · ረቡዕ ጠዋት

ይኼ ትክክል ነው። እኔም በመጨረሻ “በመስመር ዝሩ” ማለቱን ትቼ “ዘር ቀንሱ” ነበር የምለው። ጤፉን ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅሎ መበተን ዘሩን በእኩል ለመርጨት ይረዳል። ይኼን አዳራሽ ውስጥ አታስተምረውም። ማሳ ላይ አንድ እፍኝ ይዘህ ማሳየት ነው።

ስለ ቁንጮም አያ ደምቢያ ያሉት ልክ ነው። ደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል በ1998 ዓ.ም. ነው ያወጣው። ምርታማ ዘርና በጣም ነጭ ዘር አዳቅለው ነው። ጥሩ ነገር ራሱ ይሄዳል። የሚያስቸግረው ዘሩን ማግኘት እንጂ ሰውን ማሳመን አይደለም።

አዘዞ ወተት · ረቡዕ ከሰዓት

እኔ አዘዞ ላሞች አሉኝ። ስለ ጭዱ እኔ ልናገር፣ በየዓመቱ የምሠራው ነገር ስለሆነ።

ደረቅ ገለባ በዩሪያ ሲታከም ይለሰልሳል፣ ከብቱም ይበላዋል። ልኩ ይኼ ነው። ለ100 ኪሎ ደረቅ ገለባ 5 ኪሎ ዩሪያ እና 100 ሊትር ውሃ። ዩሪያው ውሃው ውስጥ እስኪሟሟ ድረስ በደንብ ይማሰላል፤ ከታች ፍሬ መቅረት የለበትም። ጉድጓድ ተቆፍሮ ፕላስቲክ ይነጠፋል። ገለባው በስሱ ይደረደራል፣ በላዩ በውሃ ማጠጫ ይረጫል፣ ይረገጣል። ደግሞ ይደረደራል፣ ይረጫል፣ ይረገጣል። መርገጡ ላይ ልጆች ይጠቅማሉ። መጨረሻ ላይ ፕላስቲኩ ይሸፈንና አፈር ይጫንበታል። አየር የሚገባበት ቀዳዳ ካለ ድካሙ ከንቱ ነው፣ ሻጋታ ነው የምታገኙት። ለ21 ቀን አይነካም።

ሲከፈት ሽታው ዓይን ያስነባል። የዚያን ቀን ለላም አይሰጥም። የሚበቃውን ያህል አውጥታችሁ እስከ ነገ አናፍሱት፣ ቀሪውን መልሳችሁ ሸፍኑት። መልኩ ወደ ቡናማ ይሄዳል፣ እጅ ላይም ይለሰልሳል። ላሞቹ መጀመሪያ ያሸቱና ፊታቸውን ያዞራሉ። ካልታከመው ጋር እየቀላቀላችሁ በየቀኑ ጨምሩ። በሳምንት ውስጥ ይለምዱታል፣ ከዚያ በኋላ የድሮውን ጭድ አይፈልጉም።

አንድ ነገር ልጨምር። ለጤፍ ጭድ ብዙ አትልፉ፤ እሱ ድሮም የተሻለ ነው። ይኼ ዘዴ የሚክሰው የማሽላ አገዳ፣ የስንዴ ገለባ እና ከፎገራ የሚመጣውን የሩዝ ገለባ ነው።

እና 60 ሰው እንጠራለን ስትሉ ማንን ነው? አባወራውን? ላሟን የሚያልበው፣ ጥጃውን የሚያስረው፣ ዶሮዋን የሚቆጥረው ማን ሆነና! እኔ በተጠራሁበት ስልጠና ሁሉ ከወንዱ መሃል ሁለት ሦስት ሴት ነበርን፣ እኛም ቡና እንድናፈላ ነበር የሚፈለገው።

ደምቢያ ነኝ · ረቡዕ ከሰዓት

እትዬ፣ ትምህርቱ ጥሩ ነው። ግን ለማሳ ያጣነውን ዩሪያ ለገለባ? በ2015 ማዳበሪያ ጠፍቶ ገበሬው የጮኸውን አልሰሙም?

አዘዞ ወተት · ረቡዕ ማታ

ሰምቻለሁ አያ። እኔም አጥቼ አውቃለሁ። ግን ሒሳቡን ይዩት። አንድ ኩንታል ዩሪያ 20 ኩንታል ገለባ ያክማል። አንድ ቤተሰብ ሁለት ላም ቢኖረው የሚፈልገው ሃያ ኪሎ ቢሆን ነው። ሳይታከም የሚሰጠው አገዳ ግማሹ እግር ሥር ተረግጦ ነው የሚቀረው። በክረምት መግቢያ መኖ ሲጠፋ በሬው ቀንበር መሸከም አቅቶት የሚወድቀው ለምን ይመስልዎታል?

የእንስሳት ሐኪም (ጎንደር) · ረቡዕ ማታ

እህታችን ያሉት ልኩም አሠራሩም ትክክል ነው። ሦስት ነገር ካላሰልጠናችሁ ግን ጥቅሙ ቀርቶ ጉዳት ይመጣል።

የተሟሟው ዩሪያ በባልዲ ተቀምጦ ላም ከጠጣችው ትሞታለች። ሲሠራ ከብቱ ይታሰር። በደረቅ ገለባ ላይ ዩሪያ ነስንሶ መስጠትም መግደል ነው። ለአህያ፣ ለፈረስና ለበቅሎ አይሰጥም፤ ከስድስት ወር በታች ላለ ጥጃም እንደዚሁ፣ ሆዱ ገና አልደረሰም። የሚያመሰኳ እንስሳ ሆድ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ነፍሳት ናቸው የዩሪያውን ናይትሮጅን ወደ ምግብ የሚቀይሩት።

ወተት ላም የሚለውን ርዕስ ካላወጣችሁት ደግሞ ሁለት ነገር ብቻ አስተምሩ። አንዱ ድራት ነው። ላሟ ጠዋት ኮርማ ስትፈልግ ከታየች ከሰዓት ትዳቀል፤ ማታ ከታየች በማግስቱ ጠዋት። “ሰው ሠራሹ ማዳቀል አይዝም” ከሚባለው ውስጥ ብዙው ሰዓት ያለፈበት ነው። ዋናው ምልክት መጮኋ አይደለም። ሌላ ላም ስትወጣባት ሳትሸሽ ቆማ መቀበሏ ነው። ይኼን የሚያየው እረኛው ልጅ ነው። እረኛውን ጥሩት!

ሁለተኛው እንገር ነው። ጥጃው በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይጥባ። የበሽታ መከላከያውን ከእናቱ የሚያገኘው በእሱ ነው፣ ቀን ሲያልፍ አንጀቱ አይቀበለውም። እንገር አፍልቶ መብላት ባህላችን ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ጥጃው ከጠገበ በኋላ ይሁን።

ዝም አልልም · ረቡዕ ማታ

ዶክተር፣ እንገሩን ለጥጃው ትተን እኛ ምን ልንበላ ነው 😄

ዶሮስ? እናቴ በየዓመቱ ግንቦት አካባቢ ፈንግል ይጨርስባታል። ከከተማ ሳሶ የሚባለውን ዘር ዶሮ ገዝቼ ወስጄላት ነበር፣ እነሱም አለቁ።

የእንስሳት ሐኪም (ጎንደር) · ሐሙስ ጠዋት

ዘሩን ሳይሆን ክትባቱን ውሰዱላት። ፈንግል መድኃኒት የለውም፣ ክትባት ግን አለው። ችግሩ ዋጋው አይደለም። አንዷ ብልቃጥ ለመቶዎች ዶሮ ነው የምትመጣው። ከተከፈተች በዚያው ቀን ማለቅ አለባት። በረዶ ላይ ካልተጓዘች ደግሞ ዋጋ የላትም። ስድስት ዶሮ ያላቸው እናት ብቻቸውን ሊገዟት አይችሉም።

ስለዚህ መንደሩ በአንድ ቀን ይስማማ። ማታ ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ሲወጡ መያዝ ይቀላል። አንድ ጠብታ ዓይን ላይ። ለዚህ የሚያስፈልገው በየመንደሩ የሠለጠነች አንዲት ሴት እና አንድ የበረዶ ሳጥን ነው። ዝናቡ ከመግባቱ በፊት፣ ሚያዝያ ላይ አድርጉት።

ከናይሮቢ · ሐሙስ ከሰዓት

እኔ ጎንደር ተወልጄ አሁን ኬንያ ነው የምሠራው። እዚህ ያየሁትን ላካፍል።

በምዕራብ ኬንያ የአቀንጭራ፣ ማለትም የሰብሉን ሥር የሚጠባው አረም፣ ችግር አለ፣ ልክ እንደ እኛ ማሽላ። ኢሲፔ የሚባለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ከ1990ዎቹ (በፈረንጅ) ጀምሮ “ግፋና ሳብ” የሚባል ዘዴ አወጣ። በበቆሎው ወይም በማሽላው መካከል ዴስሞዲየም የሚባል የመኖ ተክል ይዘራል፣ ዳር ዳሩን የዝሆን ሳር። ዴስሞዲየሙ አገዳ ቆርቋሪ የሚባለውን ተባይ ያባርራል፣ ዳር ያለው ሳር ወደራሱ ይስበዋል። ከዴስሞዲየሙ ሥር የሚወጣው ነገር ደግሞ የአቀንጭራውን ዘር ያበቅልና የሚጣበቅበት ሥር ያሳጣዋል። ሁለቱም ታጭደው ለላም ይሆናሉ።

የገረመኝ ግን ትምህርቱ ነው። ገበሬ ለገበሬ ነው የሚያሳየው። በኢንዶኔዥያ በ1989 (በፈረንጅ) በሩዝ የተጀመረው የገበሬ ማሳ ትምህርት ቤት የሚባለውም ወደ አፍሪካ መጥቶ ተስፋፍቷል። ሃያ ሃያ አምስት ሰው ወቅቱን ሙሉ በየሳምንቱ አንድ ማሳ ላይ ይገናኛል። ቅጠል ይገልጣሉ፣ ተባይ ይቆጥራሉ፣ ይከራከራሉ። አሰልጣኙ ብዙ አያወራም።

የድሮ ልማት ሠራተኛ · ሐሙስ ማታ

ጥሩ አመጣህ። እኛ አገር ግን ዴስሞዲየም አንድ ጠላት አለው፤ ልቅ ግጦሽ። ማሽላው ከታጨደ በኋላ ማሳው የሁሉም ነው። የማንም ከብት ይገባና ተክሉን ከነሥሩ ይነቅለዋል። መንደሩ ተስማምቶ አንድ ተፋሰስ ካልከለለ በቀር አንድ ገበሬ ብቻውን አይችለውም። ለአቀንጭራው አብሽርና ጎቢዬ የሚባሉ የሚቋቋሙ የማሽላ ዘሮች አሉ፣ እነሱን ጠይቁ። ጎንደር የግብርና ምርምር ማዕከልም ጉማራ-ማክሰኚት ተፋሰስ ላይ ሲሠራ ኖሯል፤ ከእናንተ ቀበሌ ሩቅ አይደለም፣ ሄዳችሁ አነጋግሩ።

ሽምብራ ላይ የምታስቡ ከሆነ መስከረም ላይ አንድ ነገር አሳዩ፤ ዘሩን ከመዝራት በፊት በባክቴሪያ ማዳበሪያው (ሥሩ ላይ ሆኖ ከአየር ናይትሮጅን ለተክሉ በሚያዘጋጀው ሕያው ባክቴሪያ) መለወስ። ጥላ ሥር፣ በስኳር ውሃ አርሶ፣ ወዲያው ወደ አፈር። ፀሐይ ካገኘው ይሞታል። ከዚያ አበባ ሲይዝ ተመልሳችሁ አንድ ተክል በአካፋ አውጡ። ሥሩ ላይ ያሉትን እብጠቶች በጥፍር ሰንጥቁ። ውስጡ ሮዝ ከሆነ እየሠራ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አልሠራም። ይኼን አንዴ በዓይኑ ያየ ገበሬ ሌላ ማስረጃ አይጠይቅም።

የማክሰኚት ልጅ · ዓርብ ማታ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ተሰብስበን ነበር። ጭቅጭቅ ነበረበት፤ “አዳራሽ ከሌለ ማን ያየናል” ያለም ነበር። ቢሆንም አዳራሹ ቀርቷል።

ብሩን በየወቅቱ ከፋፍለነዋል። አሁን የካቲት ላይ ጭድና አገዳ፣ በሦስት ቤት ግቢ፣ ባለቤቶቹም ሴቶች። ሚያዝያ ላይ የፈንግል ክትባት፣ በረዶ ሳጥኑን እኛ እንገዛለን። መስከረም ላይ ሽምብራ። ጤፍን ለዘንድሮ ትተነዋል። ንብና ማድለብም ቀርተዋል። አበል የለም፣ ለሥራ ቀን ምሳ ብቻ። ለገለባው ዩሪያ እኛው ከጎንደር እንወስዳለን፣ ከገበሬው ማዳበሪያ እንዳይነካ።

የመጀመሪያው ቀን የካቲት 16 ነው።

ወገራ ገብስ · ዓርብ ማታ

የካቲት 16? ኪዳነ ምሕረት እኮ ናት! ማን ጉድጓድ ሊቆፍርላችሁ ነው?

የማክሰኚት ልጅ · ዓርብ ማታ

ወይ ጉድ። ከተማ መኖር እንዲህ ያደርጋል። ወደ 18 ተዛውሯል። 21 ቀን ሲቆጠር መክፈቻው መጋቢት 9 ይሆናል።

አንድ ጥያቄ ለእትዬ አዘዞ። የማሽላ አገዳው ሙሉውን ይገባል ወይስ ይቆረጣል? ፕላስቲኩንስ ከየት እንግዛ?

አዘዞ ወተት · ቅዳሜ ጠዋት

ይቆረጣል። በገጀራ፣ ከእጅ መዳፍ ያልበለጠ። ሙሉውን ከከተታችሁት አይረገጥም፣ መሃሉ አየር ይይዛል። መቁረጡ ነው ትልቁ ሥራ፣ ስለዚህ ጎረምሶቹን በዋዜማው አስቀድማችሁ አሰማሯቸው።

ፕላስቲኩን ቅዳሜ ገበያ ታገኛላችሁ። ወፍራሙን ግዙ፣ ከመክፈላችሁ በፊትም ፀሐይ ላይ ዘርግታችሁ ቀዳዳ ፈልጉበት። መጋቢት 9 ጾም ስለሆነ ወተት ገዢ የለኝም፣ ቀኑ ይመቸኛል፤ መክፈቻው ላይ እመጣለሁ። የሚያጓጉዘኝ መኪና ብቻ ፈልጉ።